አፕል ክሪስፕ በቤት ውስጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መስከረም ሲጠባ እዚህ ሜሪላንድ አፕሉ ይደርሳል። ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል ባለው ጊዜ ሰው ልጆቹን ይዞ እርሻ ይሄዳል፣ በገዛ እጁ ከዛፉ ይለቅማል፣ ከዚያ አንድ ሙሉ ከረጢት ተሸክሞ ቤቱ ይገባና «አሁን ይሄን ሁሉ ምን ላድርገው?» ይላል። የእኔ ስልክ መጮህ የሚጀምረው ያኔ ነው። መልሴ ሁሌም አንድ ነው፦ ክሪስፕ ሥሩ። ሊጥ መዳመጥ የለ፣ እርሾ መጠበቅ የለ፣ እንቁላል መምታት የለ። ኬክ ሞክሮ ያልተሳካለት ሰው እንኳ ይሄን ይችለዋል። ግን ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ሁሉም ሰው ያው ስህተት ይሠራል፣ እኔም ሠርቻለሁ። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ከዘመድና ከጓደኛ በየዓመቱ የሚመጡልኝ ናቸው።

ለመሆኑ አፕል ክሪስፕ ምንድን ነው? ከፓይ በምን ይለያል?

የተቆራረጠ አፕል በትንሽ ስኳርና ቀረፋ ተለውሶ ታች ይተኛል። በላዩ ላይ ከአጃ፣ ከዱቄት፣ ከስኳርና ከቅቤ የተሠራ ፍርፋሪ ይነሰነስበታል። ኦቭን ውስጥ ታቹ ይለሰልሳል፣ ላዩ ደግሞ ቀላ ብሎ ጥርስ ላይ ኩርሽም ይላል። ስሙም የመጣው ከዚሁ ነው፤ ክሪስፕ ማለት ኩርሽም የሚል ማለት ነው። ፓይ ከሆነ የተዳመጠ ሊጥ ይፈልጋል፣ ሊጡ ደግሞ እጅ የለመደ ሰው ይፈልጋል። ክራምብል የሚባለው የእንግሊዞቹ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቅቤውና ስኳሩ በራሽን ሲታደል ለፓይ ሊጥ የሚተርፍ ስላልነበረ ነው ያን ያህል የተስፋፋው። በተለምዶ የእነሱ ያለ አጃ፣ የአሜሪካኖቹ ከነአጃው ነው ይባላል። አሁን ስሞቹ ተደባልቀዋል፣ እሱ ላይ ጊዜ አታጥፉ። አሜሪካ ውስጥ ክሪስፕ በጽሑፍ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ነው፤ እንደሚመስለው የጥንት ምግብ አይደለም።

ምን ምን ያስፈልጋል? መጠኑስ?

20 በ20 ሳንቲ ሜትር ለሆነ መጋገሪያ፣ 6 ሰው ለሚያጠግብ ይሄን ያዙ።

ለታቹ፦ 6 ወይም 7 መካከለኛ አፕል (ሳይላጥ 1 ኪሎ ከ200 ግራም ገደማ)፣ 50 ግራም ስኳር፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ኮርን ስታርች (ጭማቂውን የሚያወፍረው ነጭ የበቆሎ ስታርች)፣ 1 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቀረፋ፣ ቆንጠር ጨው።

ለላዩ፦ 100 ግራም አጃ፣ 95 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 130 ግራም ቡናማ ስኳር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 115 ግራም ቀዝቃዛ ቅቤ።

በግራም የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። የአሜሪካኖቹ «ካፕ» 240 ሚሊ ሊትር ነው፤ የኛ ቤት ብርጭቆ ደግሞ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ። በብርጭቆ ሲለካ ነው ቅቤው በዝቶ ላዩ የሚቀልጠው፣ ወይም ዱቄቱ በዝቶ ጉሮሮ የሚያንቀው። ትንሽ የኩሽና ሚዛን ግዙ፣ ለድፎውም ለኬኩም ይጠቅማችኋል። ቡናማ ስኳር ከሌለ ነጩ ይሠራል፣ የካራሜል ጣዕሙ ግን ይቀንሳል። ጨውን አትዝለሉት። ጣፋጭ ላይ ጨው ሲባል ሰው ይደነግጣል፣ ያለ ጨው ግን ፍርፋሪው ስኳር ስኳር ብቻ ይላል።

አሠራሩ እንዴት ነው? በአጭሩ ንገሪኝ

ኦቭኑን 180 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ አሙቁ (አሜሪካ ላላችሁ 350 ፋራናይት)። አፕሉን ላጡ፣ ፍሬውን አውጡ፣ ግማሽ ሳንቲ ሜትር እልፍ ባለ ውፍረት ቁረጡ። ከታቹ ዝርዝር ጋር ለውሱና መጋገሪያው ውስጥ ገልብጡት። የላዩን ደረቅ ነገር በሌላ ሳህን ቀላቅሉ፣ ቀዝቃዛውን ቅቤ በትንንሹ ቆርጣችሁ ጨምሩበት፣ ከዚያ በጣት ጫፍ እሹት። በመዳፍ ሳይሆን በጣት ጫፍ፣ መዳፍ ይሞቃልና ቅቤውን ያቀልጠዋል። እያሻችሁ ስትሄዱ መጀመሪያ አሸዋ ይመስላል፣ ቀጥሎ ሽምብራ የሚያክል እንክብል እዚህም እዚያም መታየት ይጀምራል። እዚያ ላይ አቁሙ። ከዚያ ካለፈ ሊጥ ይሆናል። አፕሉ ላይ ሳትጫኑ ነስንሱት፣ ከ45 እስከ 50 ደቂቃ ጋግሩ፣ አውጥታችሁ ቢያንስ 20 ደቂቃ አሳርፉት። በቃ።

የትኛው አፕል ይሻላል?

ጠንከርና ጎምዘዝ ያለ። እዚህ በየሱቁ የሚገኘው አረንጓዴው ግራኒ ስሚዝ የሁሉም ሰው መነሻ ነው፣ ምክንያቱም ሲጋገር ቅርፁን ይይዛል፣ ኮምጣጣነቱም ከላዩ ስኳር ጋር ይመጣጠናል። ዘሩ የመጣው ከአውስትራሊያ ነው፤ ማሪያ አን ስሚዝ የምትባል ሴት እ.ኤ.አ. በ1868 አካባቢ እርሻዋ ላይ ካበቀለችው ዛፍ ነው ስሙን ያገኘው። ሃኒክሪስፕም ጥሩ ነው፣ ይሄኛው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው ነው፣ ዋጋው ግን አይቀመስም።

እኔ የምወደው መደባለቅ ነው። 4 ግራኒ ስሚዝ፣ 3 ደግሞ ጣፋጭ የሆነ፣ ጎልደን ዲሊሺየስም ይሁን ፉጂ። ጎምዛዛው ቅርፁን ይዞ ይቆያል፣ ጣፋጩ ትንሽ ሟሙቶ በመሃሉ እንደ ወጥ ይሆናል። አንድ ዓይነት ብቻ ስትጠቀሙ ሁሉም ማንኪያ አንድ ዓይነት ይቀምሳል።

ራቁ የምለው ሬድ ዲሊሺየስን ነው። ያን በጣም ቀይ፣ የሚያብረቀርቀውን፣ ታቹ ሾጠጥ ያለውን። ሲያዩት ያምራል፣ ሲጋገር ግን ጥጥ ጥጥ ይላል። ማኪንቶሽም ለጥሬው ደስ ይላል፣ ኦቭን ውስጥ ግን ወዲያው ይፈርሳል። ለሕፃን የሚፈጭ አፕል ከፈለጋችሁ እሱን ቀቅሉት።

ሀገር ቤት በሚገኘው አፕል ይሆናል?

እንዴታ! ይህን ጥያቄ ስሰማ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው አፕል ሁሉ ከውጭ የሚገባ ይመስለዋል። ከአርባ ምንጭ ሽቅብ ወደ ጋሞ ደጋ ስትወጡ ጨንቻ አለች፤ እዚያ አፕል ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲበቅል ኖሯል፣ መጀመሪያ ያመጡት ሚስዮናውያን ናቸው። አፕል ያለ ብርድ አያፈራም። ዛፉ ለተወሰነ ጊዜ በርዶት ካላንቀላፋ በቅጡ አያብብም፤ ለዚህ ነው ቆላ ላይ የማይሆነው፣ ደጋ ላይ የሚሆነው። ጨንቻ ከሚበቅሉት ዘሮች አንዷ አና ትባላለች። እስራኤል ውስጥ ክረምቱ ለማይበረታበት ቦታ ተብላ የተዳቀለች ናት፣ ብዙ ብርድ አትጠይቅም።

የሀገር ቤቱ አፕል ብዙ ጊዜ አነስ ያለና ጎምዘዝ ያለ ነው። ለክሪስፕ የሚፈለገውም ይኸው ነው። በቁጥር ሳይሆን በኪሎ ለኩት፣ 7 የሚለው ቁጥር ለትልቁ አፕል ነው። ከውጭ የሚገባውን ከገዛችሁ አረንጓዴውን ምረጡ። ፖሙ በጣቴ ሲነካ ይለሰልሳል ካላችሁኝ ቀድሞ አርጅቷል፣ ወደ ውሃነት ይሄዳል።

የግድ መላጥ አለበት?

የግድ አይደለም። ካልተላጠ ግን ልጣጩ ሲጋገር ይጠቀለልና አፍ ውስጥ እንደ ላስቲክ ይላል። እኔ እልጣለሁ። ልጣጩን አትጣሉት፣ ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር አፍልታችሁ ሻይ አድርጉት፣ ደህና አድርጋችሁ ካጠባችሁት።

ተቆርጦ ሲቀመጥ ይጠቁራል፣ ምን ላድርግ?

ሎሚው ለዚያ ነው። አፕሉ ሲቆረጥ አየር ይነካውና ይጠቁራል፣ የሎሚው አሲድ ደግሞ ያዘገየዋል። ቢጠቁርም አትጨነቁ፣ ቀረፋው ገብቶበት ሲጋገር ማንም አያየውም።

አጃው የትኛው ነው? የአጃ ዱቄት ይሆናል?

የተዳመጠው፣ ጠፍጣፋውና ትልቁ አጃ ነው፤ ሱቅ ኦትስ ብላችሁ ብትጠይቁ ያወጡላችኋል። የገንፎው የአጃ ዱቄት እሱን አይተካም። ፍርፋሪውን ኩርሽም የሚያሰኘው የአጃው ጠፍጣፋ ቅርፅ ነው፣ ዱቄት ሲሆን ያ ይጠፋል። ፈጣኑ፣ ሙቅ ውሃ ሲነካው የሚበስለው ደቃቅ ኦትስም ገንፎ ገንፎ ይላል። ሌላ ከሌለ ግን ተጠቀሙበት፣ መጠኑን ትንሽ ቀንሱና። ተቆራርጦ የተሸጠውን ደንዳናውን ግን አትሞክሩት፣ ጥሬውን ይቀራል፣ ጥርስ ይሰብራል።

ቅቤው ለምን ቀዝቃዛ ይሁን? ንጥር ቅቤስ?

ቅቤው ቀዝቃዛ ሲሆን ዱቄቱን ሳይጠጣው እንክብል እንክብል ሆኖ ይቀመጣል። ኦቭን ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ እንክብል በየቦታው ይቀልጣል፣ በዙሪያው ያለው ዱቄትና ስኳር ይጠበሳል። ላዩ ጎርበጥ ጎርበጥ ያለ፣ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ የሚሆነው በዚህ ነው። በቀለጠ ቅቤ የሚሠሩ አሉ፣ ይበላል፣ ግን እንደ ብስኩት ጠፍጣፋ ሆኖ ይያያዛል። እኔ ቀዝቃዛውን እመርጣለሁ።

ንጥር ቅቤ አይሆንም። እማዬ «ቅቤ ቅቤ ነው» ብላ አንድ ጊዜ ሞክራው ነበር፣ ቤቱ የዶሮ ወጥ ዋዜማ መሰለ። ኮሰረቱ፣ እርዱ፣ አብሹ ገብቶበት ከአፕል ጋር አይስማማም። ቅመም ያልነካው ለጋ ቅቤ ግን ይሆናል። ደህና አድርጋችሁ እጠቡት፣ ውሃውን ጭመቁት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስኪጠነክር አቆዩት። የወተት ጣዕሙ እንዲያውም ከሱቁ ይበልጣል። የሱቁ የገበታ ቅቤ ጨው ካለው ከዝርዝሩ ላይ ጨውን ቀንሱ።

መብሰሉን በምን አውቃለሁ?

ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይሄን ያዙ። ሰዓት አትመኑ። ጠርዙን እዩ።

መጀመሪያ ያስተማሩኝ ፎቅ ላይ ጎረቤቴ የነበሩ አሜሪካዊት አዛውንት ናቸው። ኦቭኑን ከፈት አደረጉና ዝም አሉ። እኔ ፍርፋሪው ቀልቶ ስላየሁ ልበላው ቸኩያለሁ። እሳቸው ጣታቸውን ወደ ሳህኑ ጠርዝ ቀሰሩ። ከመስታወቱ አጠገብ ጭማቂው ቀጭን ቀጭን አረፋ እያወጣ ይፈላል፣ እንደ ሻይ ውሃ። «ገና ነው» አሉኝና ዘጉት። ከ12 ደቂቃ በኋላ እንደገና ከፈቱት። አሁን አረፋው ሌላ ነው። ወፈር ብሏል፣ ዘገም ብሏል፣ አንዱ ይነፋና ቆይቶ ቡፍ ብሎ ይፈነዳል፣ ሌላው ይተካል። እኔ ወዲያው አወቅሁት። ሽሮ ነው! ሽሮ ሲበስል ድስቱ ውስጥ የሚንተከተከው ያው መንተክተክ ነው።

ለምን መሰላችሁ? ኮርን ስታርቹ የአፕሉን ውሃ የሚያወፍረው በደንብ ሲሞቅ ብቻ ነው። ጠርዙ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ መሃሉም እዚህም እዚያም ወፍራም አረፋ ሲወጣ ካያችሁ ስታርቹ ሥራውን ጨርሷል፣ አፕሉም ለስልሷል። ላዩ ቀልቶ አረፋው ገና ቀጭን ከሆነ አሉሚኒየም ፎይል ላላ አድርጋችሁ አናቱ ላይ ጣል አድርጉና ቀጥሉ። በተቃራኒው አረፋው ወፍሮ ላዩ ከገረጣ የላይኛውን እሳት ለ2 ደቂቃ አብሩት፣ ግን አጠገቡ ቁሙ። ስኳር ሲያር ፈጣን ነው። ከዚያ በቢላ ጫፍ አንድ አፕል ውጉ፣ ያለ ትግል መግባት አለበት።

ታቹ ውሃ በውሃ ሆነብኝ። ምን አጠፋሁ?

ከሦስቱ አንዱ ነው። ቶሎ አውጥታችሁታል፣ ከላይ የተናገርኩት ወፍራም አረፋ ሳይመጣ። ወይም ስታርቹን ረስታችሁታል። ወይም ደግሞ ሳያርፍ በማንኪያ ገብታችሁበታል። ከኦቭን እንደወጣ ሁሉም ክሪስፕ ቀጭን ነው። ሲበርድ ነው የሚረጋው፣ እንደ አጥሚት። ሽታው ቤቱን ሞልቶት 20 ደቂቃ መጠበቅ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን ጠብቁ።

ሌላም አለ። አፕሉን ከስኳሩ ጋር ለውሳችሁ ለረጅም ጊዜ ካስቀመጣችሁት ስኳሩ ውሃውን ይስበዋል፣ መጋገሪያው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ታቹ ኩሬ ይሆናል። ለውሱና ወዲያው አስገቡት።

ኦቭን የለኝም። ሌላ መላ አለ?

አለ፣ እንዲያውም ሁለት። የምመክረው የምድጃውን ነው፣ ታቹንና ላዩን ለየብቻ መሥራት።

አፕሉን ከ1 ማንኪያ ቅቤ፣ ከስኳሩ፣ ከሎሚውና ከቀረፋው ጋር ድስት ውስጥ አድርጉ፣ በመጠነኛ እሳት ከድናችሁ 10 ደቂቃ ያህል አብስሉ። ስታርቹን በ2 ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ ጨምሩ፣ እንደ ሽሮው ሲንተከተክ አውርዱ። በሌላ መጥበሻ ቅቤውን አቅልጡ፣ አጃውንና ዱቄቱን ጨምሩ፣ እጃችሁን ሳታሳርፉ አማስሉ። 8 ወይም 10 ደቂቃ ይፈጃል። መጀመሪያ ዱቄት ዱቄት ይሸታል፣ ቀጥሎ የተቆላ ገብስ ሽታ ይመጣል፤ ዳቦ ቆሎ ሲቆላ ያለውን ሽታ አስቡት። ያኔ ስኳሩንና ጨውን ጨምሩ፣ 2 ደቂቃ አማስሉ፣ ትሪ ላይ ዘርግታችሁ አቀዝቅዙት። ትኩስ እያለ ለስላሳ ነው፣ ሲበርድ ኩርሽም ይላል። ልትበሉ ስትሉ አፕሉ ላይ ነስንሱት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የዚህኛው ፍርፋሪ አንዳንዴ ከኦቭኑ ይበልጣል።

ሁለተኛው የድፎ ዳቦው መንገድ ነው፣ ከላይም እሳት ከታችም እሳት። ወፍራም ድስት ውስጥ አስተካክላችሁ፣ ታች መለስተኛ ፍም፣ የብረት ክዳኑ ላይ በርከት ያለ ፍም። ይበስላል፣ ጣዕሙም ግሩም ነው። ችግሩ ክዳኑ እንፋሎቱን ያፍነዋል፣ ላዩ እንደሚፈለገው አይደርቅም። መጨረሻ ላይ ክዳኑን ገለጥ ገለጥ አድርጉለት። ከሰሉን ግን ውጭ ብቻ! ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ሲነድ የሚወጣው ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ሰው ይገድላል።

አዲስ አበባ ያለችው እህቴ በዚሁ መጠን ስትሠራ አፕሉ አይበስልላትም። ለምን?

ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,300 ሜትርን የምታልፍ ከተማ ናት፣ ውሃ እዚያ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ነው። አፕሉ ደግሞ የሚበስለው በራሱ ጭማቂ ውስጥ ነው። ኦቭኑ 180 ቢልም ጭማቂው ከ92 ብዙም አይዘልም፣ ስለዚህ እሷ ጋ አፕሉ እኔ ጋ ካለው በዝግታ ይለሰልሳል። የላዩ ፍርፋሪ ግን ደረቅ ስለሆነ እንደ እዚህ ቶሎ ይቀላል። ለእህትየዋ የነገርኳት እንዲህ ነው፦ አፕሉን ሳሳ አድርገሽ ቁረጪ፣ ፍርፋሪ ሳትነሰንሺበት ለብቻው 15 ደቂቃ በፎይል ሸፍነሽ ጋግሪው፣ ከዚያ ነስንሺና እንደወትሮው ቀጥዪ። ሠርታው ደወለችልኝ፣ ተሳክቷል።

በጾም እንዴት ልሥራው?

ታቹ ቀድሞውንም የጾም ነው፣ እንቁላልም ወተትም የለበትም። የሚቀየረው ቅቤው ብቻ ነው። ምርጡ ፍሪጅ ውስጥ የጠነከረ የኮኮናት ዘይት ነው፣ 100 ግራም። እንደ ቅቤው በጣት ይታሻል። የጾም ቅቤም ይሆናል፤ ማርጋሪን ከሆነ ግን ጀርባውን አንብቡ፣ ወተት ነክ ነገር ያለበት አለ። የሱፍ ዘይት ብቻ ቢኖራችሁ 80 ሚሊ ሊትር አድርጉና በማንኪያ አማስሉ፣ እንክብሉ ትንንሽ ይሆናል፣ ጣዕሙ ግን አያሳፍርም። ሁዳዴን ሙሉ እንዲህ ነው የምሠራው።

በጤፍ ዱቄት ይሆናል?

ይሆናል፣ በተለይ በቀይ ጤፍ። የፉርኖውን ዱቄት በሙሉ በጤፍ ተኩት፣ በግራም እኩል። ጤፉ ቀድሞውንም የተቆላ የሚመስል ጣዕም አለው፣ ከቡናማ ስኳርና ከቀረፋ ጋር ሲገናኝ ምነው እስከዛሬ ያሰኛል። ጤፍ ግሉተን የለውም። ግን ግሉተን የማይስማማው ሰው ካለ አጃውንም ተጠንቀቁ። አጃ ራሱ ለአብዛኛው ሰው ችግር ባይኖረውም ከስንዴ ጋር በአንድ ወፍጮ ሲያልፍ ይነካካል፣ ከግሉተን ነፃ ተብሎ የተጻፈበትን ግዙ።

ስኳሩን መቀነስ እችላለሁ?

የታቹን እስከፈለጋችሁ፣ አፕሉ ጣፋጭ ከሆነ ጭራሽ ተዉት። የላዩን እስከ ሩብ ድረስ ብቻ። ፍርፋሪው የሚደርቀውና የሚቀላው በስኳሩ ነው፣ ከዚያ በላይ ሲቀነስ ገርጥቶ ዱቄት ዱቄት ይላል። ማር ላዩ ላይ አታድርጉ፣ ያረጥበዋል፤ ታቹ ላይ 1 ወይም 2 ማንኪያ ይሆናል።

የስኳር ሕመም ያለባቸው እናትና አባት ያሏችሁ ብዙ ጊዜ ትጠይቁኛላችሁ። ስኳሩን ብንቀንሰውም አጃው፣ ዱቄቱና አፕሉ ራሱ የደም ስኳር ይጨምራሉ። «ፍራፍሬ ነው፣ ምንም አይላቸውም» ብላችሁ ሞልታችሁ አታቅርቡላቸው። ትንሽ ቁራሽ፣ ከምግብ በኋላ፣ ሐኪማቸው በነገራቸው ልክ።

ሌላ ቅመም ልጨምርበት?

ኮረሪማ! ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ወዲያው የተወቀጠ። ቅርንፉድ ቆንጠር ብቻ፣ ከበዛ አፍ ያደነዝዛል። ዋልነት ወይም ኦቾሎኒ መጨመር ይቻላል፣ ግን ለሰው የምታቀርቡ ከሆነ አለርጂ ያለበት እንዳለ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ በተለይ ለልጆች።

በምን ዕቃ ልጋግረው?

በመስታወት፣ በሸክላ ወይም በኢናሜል። ያልተሸፈነ የአሉሚኒየም ትሪ ላይ የአፕሉና የሎሚው አሲድ ይነካውና ብረት ብረት ይላል። የመስታወቱን ከኦቭን እንደወጣ እርጥብ ቦታ ላይ አታስቀምጡት፣ ይሰነጠቃል።

ለብዙ እንግዳ ብሠራስ?

ሁሉንም በ2 አባዙ፣ 33 በ23 ሳንቲ ሜትር መጋገሪያ ላይ። ጊዜው ወደ አንድ ሰዓት ይጠጋል። አረፋውን እዩ።

በምን ይበላል?

አሜሪካኖቹ ትኩሱን ከቫኒላ አይስክሬም ጋር ነው የሚወዱት፣ ልክ ናቸው። እኛ ቤት ግን የቡና ቁርስ ሆኗል። አቦሉ ሲቀዳ ፈንዲሻው በአንድ ሳህን፣ ክሪስፑ በትንንሽ ሳህን ከነማንኪያው። ስኳር ያልገባበት ቡና ከእሱ ጋር ሲጠጣ እንዴት እንደሚስማማ ካልቀመሳችሁ አታውቁትም። ጠዋት ደግሞ ከፍሪጅ የወጣውን ከእርጎ ጋር እበላዋለሁ፣ አጃና ፍራፍሬ አይደል።

ስንት ቀን ይቆያል? ሲሞቅስ?

ፍሪጅ ውስጥ 3 ወይም 4 ቀን። ላዩ ግን ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ይለሰልሳል። ማይክሮዌቭ ጭራሽ ያረጥበዋል። 180 ላይ 15 ደቂቃ ኦቭን ውስጥ ብታስገቡት ይመለሳል። ያልተጋገረውን ፍርፋሪ ግን ደብል አድርጋችሁ ሥሩና ግማሹን በፌስታል ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ፤ ሦስት ወር ይቆያል፣ ሳይሟሟ እንደ በረዶነቱ አፕል ላይ ይነሰነሳል። ድንገት እንግዳ ሲመጣ ውለታው ይገባችኋል።

ሰው ቤት ይዤ ልሄድ ነው። ልሸፍነው?

ትኩሱን በፍጹም! ይሄን የተማርኩት በከባድ መንገድ ነው። ማኅበር ነበረን፣ ወረፋው የኔ ባይሆንም ጣፋጭ አመጣለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነበር። ከኦቭን እንዳወጣሁት በፎይል ጥብቅ አድርጌ ጠቀለልኩ፣ በፎጣ ደረብኩበት፣ እንዳይበርድብኝ። ግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ደርሼ ስገልጠው ከፎይሉ ሥር ውሃ ይንጠባጠባል፣ ያ ሁሉ ፍርፋሪ እንደ ገንፎ ሆኗል። ሰዎቹ በሉት፣ አመሰገኑም፣ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ከፋኝ፣ ምክንያቱም ቤቴ ሲወጣ እንዴት እንደነበር አይቻለሁ።

እንፋሎቱ መውጫ ይፈልጋል። ሳይሸፈን አንድ ሰዓት ይብረድ፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ብቻ ሸፍናችሁ ይዛችሁ ሂዱ። የምትሄዱበት ቤት ኦቭን ካለ 10 ደቂቃ አሙቁት። ከሌለ ደግሞ ቀዝቃዛውን ብሉት። መኪና ውስጥ ሰው እግር ሥር ሳይሆን ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አስቀምጡት፣ ጭማቂው በጠርዙ ይፈሳል።